ማኔጅድ ጉግል ፕሌይ ከኮምቦልቻ መጋዘን ሲታይ

ለሠራተኞቹ ብቻ የሚሆን የሞባይል መተግበሪያ ያሠራ ድርጅት ሁሉ፣ ፕሮግራመሩ «አለቀ» ባለ ማግሥት አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ይህ ነገር ሰዎቹ ስልክ ላይ እንዴት ይግባ? ሕዝብ በሚያየው መደብር እንዳይወጣ የድርጅቱ ገበና ነው። በእጅ እየዞሩ እንዳይጭኑት አንዱ ሻጭ ባቲ፣ ሌላው ከሚሴ ነው። የምገመግመው ጉግል ለዚሁ ብሎ ያዘጋጀውን፣ ማኔጅድ ጉግል ፕሌይ የተባለውን የድርጅቶች መደብር ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ ለአንድሮይድ ከአምስት አራት። የአፕልን መንገድ ከታች ለብቻው አነሣዋለሁ፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።

የምሠራው ኮምቦልቻ ውስጥ መጋዘን ባለው የምግብና የጽዳት ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት ነው። ዱቄት፣ ፓስታ፣ ዘይትና ሳሙና እናከፋፍላለን። ሻጮቻችን ከሾፌር ጋር በአይሱዙ ሆነው ሐረጎን ወጥተው ደሴ ይገባሉ፣ ከዚያ ወደ ሐይቅና ውጫሌ ይዘልቃሉ፤ ሌሎቹ ወደ ባቲ፣ ሌሎቹ ደግሞ በሐርቡ በኩል ወደ ከሚሴ ይሄዳሉ። መተግበሪያችን ሻጩ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ትዕዛዝ የሚመዘግብበት፣ የባለሱቁን የቆየ ዱቤ የሚያይበት፣ መጋዘን ውስጥ ስንት ካርቶን እንደቀረ የሚያውቅበት ነው። የሠሩልን ደሴ ያሉ ወጣቶች ናቸው፤ ሥራቸው ደህና ነው። የእኔ ድርሻ ስልኮቹን፣ ሰርቨሩንና የሻጮቹን ጭቅጭቅ ማስተዳደር ነው።

«ታዲያ ለምን እንደ ሰው በይፋ ፕሌይ ስቶር ላይ አታወጡትም?» የሚለኝ ብዙ ነው። ይቻላል፤ ትርፉ ግን ምንድን ነው? እኛን የማያውቅ ሰው አውርዶ የመግቢያ ገጻችንን ሲነካካ ይውላል። ምንም ሳይገባው አንድ ኮከብ ሰጥቶ «አይከፍትም» ብሎ ይጽፍብናል። ደሴ ፒያሳ ያለ ተፎካካሪ የገጾቻችንን ምስል አይቶ ምን እንደምንመዘግብ ይማርበታል። በዚያ ላይ ይፋዊው መደብር በየጊዜው የሚያወጣውን ደንብ ማሟላት አለ፤ ለምሳሌ መተግበሪያው ከአዳዲስ የአንድሮይድ ስሪቶች ጋር እንዲራመድ የሚጠየቀው ማስተካከያ። ለአንድ ድርጅት ሠራተኞች ብቻ ተወስነው በግል የሚቀመጡ መተግበሪያዎች ከዚህ ግዴታ ነፃ ናቸው። ቋሚ ፕሮግራመር ለሌለው ድርጅት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሥራውን ስረከብ መተግበሪያው የሚታደለው በቴሌግራም ግሩፕ ነበር። ይህን መንገድ አልንቀውም። ቴሌግራም ላይ ሁሉም ሰው አለ፤ ነፃ ነው፤ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ይቀበላል። ኤፒኬ የሚባለውን የአንድሮይድ መጫኛ ፋይል ትለጥፋላችሁ፣ ሻጩ ይነካዋል፣ ይጭነዋል። የመጀመሪያው ቀን በሰላም ያልፋል። ጣጣው የሚመጣው በሁለተኛው ፋይል ነው። የግል መተግበሪያን የማከፋፈያ መንገድ ሁሉ የምመዝነው በሁለት ነገር ነው፤ አዲሱ ስሪት ሰው ሳይለመን ይደርሳል ወይ? ሠራተኛው ሲለቅ መተግበሪያው ከነመረጃው ይወጣል ወይ? ቴሌግራም ሁለቱንም ይወድቃል።

ግሩፑ ውስጥ ስማቸው የሚመሳሰል ፋይሎች ተደርድረዋል። አንዱ ሻጭ የላይኛውን ይነካል፣ ሌላው የታችኛውን፤ ሌላው ደግሞ «ያለኝ ይሠራል» ብሎ ምንም አይነካም። የዱቤ ጣሪያ ስሌት በአዲሱ ስሪት ሲስተካከል ከሚሴ ላይ በአዲሱ፣ ውጫሌ ላይ በአሮጌው ተሸጦ ማታ ሒሳብ ክፍል የሚነሣውን ጩኸት አትጠይቁኝ።

የሚያሳስበኝ ግን ከጩኸቱ ይልቅ በሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው አንድሮይድ 8 ወዲህ ከመደብር ውጭ የሚመጣን ነገር የመጫን ፈቃድ የሚሰጠው ፋይሉን ላመጣው መተግበሪያ ነው፤ እኛ ጋ ለቴሌግራም ማለት ነው። ሻጩ አንድ ጊዜ «ቴሌግራም ያመጣው ይጫን» ብሎ ከፈቀደ በሩ የተከፈተው ለእኛ ፋይል ብቻ አይደለም። ነገ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው «ነፃ የአየር ሰዓት» ብሎ የሚልክለት ኤፒኬም በዚያው በር ይገባል። እዚያው ስልክ ላይ ደግሞ ቴሌብር አለ፣ የባንኩም መተግበሪያ አለ። ፕሌይ ፕሮቴክት የሚባለው የጉግል ጠባቂ የማያውቀውን ፋይል ሲያይ ያስጠነቅቃል፤ ሻጮቻችን ግን ማስጠንቀቂያውን አልፎ መጫን ከእኛው ከቢሮ ነው የተማሩት። በመመሪያ ወረቀታችን ላይ «ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ግድ የለም፣ ቀጥሉ» የሚል ተጽፎ ነበር። እንዲህ ያለ ወረቀት ያለው ድርጅት ስለ ጥንቃቄ ሥልጠና ባይሰጥ ይሻላል።

ስለ ፊርማ ቁልፉም አንድ ነገር ልበል፤ ይህን ብዙ የድርጅት ባለቤት አያውቀውም። እያንዳንዱ ኤፒኬ በአንድ ዲጂታል ቁልፍ ይፈረማል። አንድሮይድ አዲሱን ስሪት በአሮጌው ላይ የሚጭነው ሁለቱ በአንድ ቁልፍ ከተፈረሙና የአዲሱ የስሪት ቁጥር ካላነሰ ብቻ ነው። ቁልፉ ፕሮግራመሩ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ተቀምጦ ላፕቶፑ ቢሰረቅ ወይም ልጁ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ቢሄድ፣ ቀጣዩ ስሪት በአሮጌው ላይ አይቀመጥም። አሮጌውን አራግፎ እንደ አዲስ መጫን ግድ ይሆናል። ሲራገፍ ደግሞ ስልኩ ላይ የነበረው መረጃ አብሮ ይሄዳል። ሻጩ ኔትወርክ በሌለበት መንገድ ላይ የመዘገበውና ገና ወደ ሰርቨር ያልተላከ ትዕዛዝ ካለ፣ ያ ትዕዛዝ የለም ማለት ነው። እኛ የቁልፉን ቅጂ በፍላሽ ዲስክ አድርገን ከድርጅቱ ማኅተም ጋር ካዝና ውስጥ አስቀምጠነዋል። ሐጂ፣ የድርጅቱ ባለቤት፣ ነገሩን ስነግራቸው ብዙ አልጠየቁም፤ «ማኅተም ከሆነ ከማኅተም ጋር ይቀመጥ» አሉ።

የለቀቀ ሠራተኛ ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነው። ሰርቨር ላይ መግቢያውን መዝጋት ቀላል ነው። ኔትወርክ ሳይኖር እንዲሠራ ተብሎ ስልኩ ላይ የተቀመጠው የደንበኞች ዝርዝር ግን እዚያው ይቀራል። አንድ ሻጫችን ወደ ሌላ አከፋፋይ ሲዛወር የሰኞ ገበያን ደንበኞች ስም፣ ስልክና የዱቤ ልማድ ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው የሄደው። አልሰረቀም፤ እኛው የሰጠነው ነው።

አሁን ወደ ማኔጅድ ጉግል ፕሌይ። ላይ ላዩን ሲታይ ያው ፕሌይ ስቶር ነው፤ ሠራተኛው የሚያየው ግን ድርጅቱ የፈቀደለትን ብቻ ነው። ብቻውን አይቆምም፤ ኤምዲኤም ከሚባል ስልኮችን ከሩቅ የሚያስተዳድር ሶፍትዌር ጋር ነው የሚሠራው። የኤምዲኤሙን ገጽ ስትከፍቱ በውስጡ የጉግል መደብር መስኮት ይመጣል። የግል መተግበሪያ የሚለውን መርጣችሁ ስም ትጽፋላችሁ፣ ኤፒኬውን ትሰቅላላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ። ይፋዊ የገንቢ፣ ማለትም የመተግበሪያ ሠሪ፣ መዝገብ ለመክፈት ጉግል አንድ ጊዜ የሚያስከፍለው 25 ዶላር በዚህ መንገድ አይጠየቅም። ይፋዊ መተግበሪያ ሲወጣ እንደሚሆነው ለቀናት «በምርመራ ላይ» የሚል ጽሑፍ እያዩ መቀመጥም የለም፤ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ለስልኮቹ ዝግጁ ይሆናል። ይህን ሳይ በእውነት ተደስቻለሁ። ከጉግል ጋር የሚያገናኝ ነገር ሁሉ ረጅም ቅጽ ያለው ይመስለኝ ነበር።

ሁለት ነገር ግን አስቀድማችሁ እወቁ። መተግበሪያው በውስጥ የሚጠራበት የጥቅል ስም በጉግል ፕሌይ ላይ በዓለም ዙሪያ ብቸኛ መሆን አለበት፤ ከእናንተ በፊት ሌላ ሰው ከወሰደው አይቀበልም። ፕሮግራመሩ ለሙከራ የሰጠውን የትም የሚገኝ ስም እንዳለ አትተዉት። ሁለተኛ፣ በዚህ መስኮት በግል የወጣ መተግበሪያ ወደ ፊት ይፋዊ ላድርገው ቢባል አይሆንም፤ እንደ ግል ወጥቶ እንደ ግል ይኖራል። ነገ ለሌሎች አከፋፋዮች እንሸጠዋለን የሚል ሐሳብ ያለው ድርጅት ከወዲሁ ያስብበት።

ስልኮቹን ወደ ሥርዓቱ የማስገባቱ ሥራ በሁለት መንገድ ነው። ስልኩ የድርጅቱ ከሆነ ሙሉ በሙሉ በድርጅቱ ሥር ይገባል። አዲስ ወይም የተደመሰሰ ስልክ ሲከፈት በሚመጣው የመጀመሪያ ገጽ ላይ አንድ ቦታ ስድስት ጊዜ ትነካላችሁ፤ ካሜራው ይከፈታል፤ ከኤምዲኤሙ ያተማችሁትን የኪውአር ምስል ታሳዩታላችሁ። የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል። እኛ ምስሉን በትልቁ አትመን መጋዘኑ ግድግዳ ላይ፣ ከእሳት ማጥፊያው አጠገብ ለጥፈነዋል።

ስልኩ የሠራተኛው ከሆነ ደግሞ በውስጡ የሥራ ክፍል ይፈጠራል። የሥራዎቹ መተግበሪያዎች ትንሽ የቦርሳ ምልክት ይኖራቸዋል፤ ሌላው ሁሉ የሰውየው ነው። ድርጅቱ የግሉን ፎቶና መልእክት አያይም። ይህን ለሻጮች ማስረዳት ከቴክኒኩ ሁሉ ይከብዳል። ሁላችን ጋሼ የምንላቸው የባቲ መስመር ሻጫችን ስልካቸውን ከመስጠታቸው በፊት መጋዘኑ በር ላይ አቆሙኝ።

«ስሚ ልጄ፣ ይህ ነገር ሐጂ ቤቴ ውስጥ ያለውን እንዲያዩ ነው?»

«አይደለም ጋሼ። ሐጂ የሚያዩት ትዕዛዙን ብቻ ነው። የእርስዎ ፎቶ፣ የቤተሰብዎ ነገር ሁሉ በዚያኛው ክፍል ነው። እኔም ልየው ብል አልችልም።»

«ስልኩ ቢጠፋስ?»

«ቢጠፋ የሥራውን ክፍል ከዚህ ሆኜ እደመስሰዋለሁ።»

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው የሐጂን ዘይት ታድኝና የእኔን ፎቶ ለሌባ ትተዪዋለሽ?»

ልክ ናቸው። የሥራ ክፍል የተሠራው የድርጅቱን መረጃ ከሠራተኛው፣ የሠራተኛውን ገመና ከድርጅቱ ለመለየት ነው፤ የጠፋ ስልክ ላይ ያለውን የሰው ንብረት ለማዳን አይደለም። ለዚያ ጉግል ለማንም የሚሰጠው የጠፋ ስልክ መፈለጊያ አለ፤ በራሳቸው አድራሻ ከፍቼ እንዴት እንደሚደመስሱ አሳየኋቸው። «አብሽሪ፣ አሁን ይሁን» ብለው ስልኩን ሰጡኝ። ከእሳቸው በኋላ የቀሩት ሻጮች አላስቸገሩም፤ ጋሼ ከተቀበሉ ማን ይከራከራል።

ሠራተኛ ሲለቅስ? ኤምዲኤሙ ላይ ስሙን ትመርጣላችሁ፣ የሥራ ክፍሉ እንዲጠፋ ታዝዛላችሁ፤ ስልኩ ኢንተርኔት ባገኘ ጊዜ መተግበሪያው ከነደንበኛ ዝርዝሩ ይሄዳል፤ የሰውየው ፎቶና ቴሌግራም አይነካም። የመጨረሻ ደመወዙን ለመቀበል ሒሳብ ክፍል ሲቀመጥ የቢሮውን ዋይፋይ እንዲያገናኝ እንጠይቀዋለን። ለእኔ አራቱን ኮከብ ያሰጠው ይኸው ነው።

አሁን ማንም በደንብ ወደማይነግራችሁ ነገር ልምጣ። የግል መደብሩ መተግበሪያን በራሱ ያሻሽላል ይባላል፤ እውነት ነው። ምንም ካልነካችሁት ግን የሚያሻሽለው ስልኩ ዋይፋይ ላይ ሲሆን፣ ቻርጅ ሲደረግና ሰው በማይጠቀምበት ሰዓት ነው። ሦስቱ አንድ ላይ። ለቢሮ ሠራተኛ ይህ ሌሊት ቤቱ ተኝቶ ሳለ ይሟላል። የእኛ ሻጭ ስልኩን ቻርጅ የሚያደርገው አይሱዙው ውስጥ ነው፤ ቻርጅ እያደረገ ትዕዛዝ ይመዘግባል፤ ቤቱ ዋይፋይ የለም፤ ሌሊት መብራት ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። ሦስቱ ሁኔታዎች በአንድ ሌሊት ኩታበር ላይ የሚገናኙበትን ቀን ጠብቁ። አዲሱ ስሪት መደብሩ ውስጥ በክብር ተቀምጦ ሻጩ አሮጌውን ይዞ ሲዞር፣ ከቴሌግራሙ ዘመን ምን ለየው?

መፍትሔው ኤምዲኤሙ ውስጥ አለ፤ ግን ፈልጋችሁ ነው የምታገኙት። ለዚያ መተግበሪያ ብቻ የማሻሻያውን ደረጃ «ከፍተኛ ቅድሚያ» ወደሚለው ቀይሩት፤ ያኔ እነዚያን ሦስት ሁኔታዎች ሳይጠብቅ ያወርዳል። ሁሉንም መተግበሪያ በማንኛውም ኔትወርክ አሻሽል የሚለውን አጠቃላይ ፈቃድ ግን አትንኩት፤ የሻጩ የዳታ ጥቅል በአንድ ማለዳ ያልቃል፣ እሱም ወደ እናንተ ይደውላል። የእኛ መተግበሪያ ትንሽ ስለሆነ በሞባይል ዳታ መውረዱ አይከብድም። ፕሌይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚልከው ከአሮጌው የተለወጠውን ክፍል እንጂ ሙሉውን ፋይል አይደለም። በቴሌግራም ሲሆን አንዲት ፊደል ብትስተካከልም ሙሉው ፋይል እንደገና ይወርዳል።

ኔትወርክ የተባለው ነገር ራሱ ሲጠፋስ? የዚህ አካባቢ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ምንም ዓይነት አገልግሎት አይገዛም። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ መደብር፣ ኤምዲኤም፣ ከሩቅ መደምሰስ የሚባለው ሁሉ ወሬ ነው። የሥራ ክፍሉ ውስጥ ከመደብር ውጭ በፋይል መጫን ተዘግቶ ነው የሚመጣው፤ ለደህንነት ጥሩ ነው፣ ለክፉ ቀን ግን ያስጨንቃል። ስለዚህ ሁለት ነገር አድርገናል። መተግበሪያው ሙሉ ቀን ያለ ኢንተርኔት እንዲመዘግብና ማታ መጋዘኑ ዋይፋይ ላይ ሲደርስ እንዲልክ አሠርተነዋል፤ የቢሮው መስመር በኬብል የሚገባ ነው። ሌላው፣ የቅርቡን ኤፒኬ ሁልጊዜ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ እናስቀምጣለን፤ የድርጅቱ በሆኑት ስልኮች ላይ የፋይል ጭነት ክልከላውን ከኤምዲኤሙ ለጊዜው ማንሣት ይቻላል፤ ይህንንም ትእዛዝ ለመቀበል ግን ስልኩ አንድ ጊዜ መገናኘት አለበት። ጉግልን በዚህ አልወቅሰውም፤ የሠራው እንዲህ ላለ ኑሮ አይደለም። ለእኛ የሚገዛ ሰው ግን ይህን ሒሳብ ውስጥ ያስገባ።

ስለ ስልክ ግዢ። ደሴ ፒያሳ ወደ ሞባይል ቤቶቹ ገብታችሁ «ለሥራ የሚሆን ርካሽ ስልክ» ብትሉ የሚቀርብላችሁ ሁሉ ለዚህ አይሆንም። የጉግል አገልግሎት የሌላቸው ስልኮች ጨርሶ አይገቡም፤ እ.ኤ.አ. ከ2019ኙ የአሜሪካ እገዳ በኋላ የወጡ አዳዲስ የሁዋዌ ስልኮች ለምሳሌ እንዲህ ናቸው። ሶፍትዌራቸው በሌላ ተለውጦ የመጣም ጥቂት አይደለም። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ባለሱቁ ፊት ፕሌይ ስቶርን ክፈቱ፣ ወደ ቅንብሮቹ ግቡ፣ ስለ መተግበሪያው በሚለው ሥር ስልኩ በፕሌይ ፕሮቴክት የተረጋገጠ መሆኑን እዩ። ካልተረጋገጠ መልሱለት። ባለሱቁ «ግድ የለም እህቴ፣ ይሠራል» ይላል፤ ለእሱ ይሠራል። ከዚህ ሌላ ራማቸው (መተግበሪያዎች ሲሠሩ የሚጠቀሙበት ማስታወሻ) በጣም ትንሽ የሆነ ስልኮች የሥራ ክፍል መፍጠር የማይችሉ አሉ፤ ለእነሱ ያለው አማራጭ ስልኩን ሙሉ በሙሉ የድርጅት ማድረግ ነው።

አንዷን ኮከብ የቀነስኩት በኤምዲኤሙ ምክንያት ነው። የጉግሉ መደብር ራሱ ክፍያ አይጠይቅም፤ ያለ ኤምዲኤም ግን አይንቀሳቀስም፤ ኤምዲኤሞች ደግሞ አብዛኞቹ በስልክ ብዛት በየወሩ ዶላር ይጠይቃሉ። እኛ የያዝነውን ስሙን አልጠራውም። ሥራውን ይሠራል፤ ክፍያው ግን የባንክ ካርዳችንን አንድ ወር ይቀበላል፣ አንድ ወር ይመልሳል። ሲመልስ የማስተዳደሪያ ገጹ ይቆለፋል። እርዳታ ስጠይቅ የሚመልስልኝ ሰው የሚነቃው እኛ ቡና ጠጥተን ወደ ቤት ስንሄድ ነው። ኤምዲኤም ስትመርጡ ስለ ክፍያ ዓመቱን በአንድ ጊዜ መክፈል ይቻል እንደሆነ፣ ሲቋረጥ ደግሞ ስልኮቹ ላይ ያለው መተግበሪያ ይቆይ ወይስ ይጥፋ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ከዚህ በላይ የሚያሳስብ ጥያቄ የለም።

አይፎን። እኛ ጋ አይፎን ያላቸው የሐጂ ልጅና አንዲት የሒሳብ ባለሙያ ናቸው፤ ሁለቱም መተግበሪያውን ይፈልጋሉ፤ የሁለቱ ጥያቄ ከሻጮቹ ሁሉ ጥያቄ በላይ ጊዜ ወስዶብኛል። አፕል ፋይል ልኮ «ጫን» የሚባል ነገር አይፈቅድም። ያሉት መንገዶች እነሆ። በዓመት 99 ዶላር እየከፈላችሁ የገንቢነት አባል ከሆናችሁ የእያንዳንዱን ስልክ መለያ ቁጥር መዝግባችሁ በዓመት እስከ 100 አይፎን ድረስ መስጠት ትችላላችሁ። ቴስትፍላይት የሚባለው የሙከራ መንገድ እስከ 10,000 የውጭ ሞካሪ ይቀበላል፤ እያንዳንዱ ስሪት ግን በ90 ቀን ይሞታል፤ ለሙከራ እንጂ ለዕለት ሥራ አልተሠራም። በአፕል የድርጅቶች አገልግሎት በኩል ለአንድ ድርጅት ብቻ የሚታይ መተግበሪያ ማውጣት አለ፤ እሱ በአፕል ምርመራ ውስጥ ያልፋል፤ መርማሪው የሚገባበት የሙከራ መለያም መስጠት ያስፈልጋል። በመጨረሻ በዓመት 299 ዶላር የሚያስከፍለው የኢንተርፕራይዝ ፕሮግራም አለ። እሱ ያለ ምርመራ ለራስ ሠራተኛ መስጠት ያስችላል፤ ነገር ግን ቢያንስ 100 ሠራተኛ ላለው ድርጅት ብቻ ነው፤ አፕልም ማመልከቻውን አጥብቆ ያያል።

አጥብቆ የሚያይበት ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 ፌስቡክ ለሠራተኞቹ ብቻ በተሰጠው በዚህ ፈቃድ ለውጭ ሰዎች እየከፈለ የስልክ አጠቃቀማቸውን የሚሰበስብ መተግበሪያ ሲያድል ተገኘ። አፕል ፈቃዱን ሰረዘው። በዚያው ፈቃድ የተፈረሙት የፌስቡክ ሠራተኞች የውስጥ መተግበሪያዎች ሁሉ አብረው ሥራ አቆሙ፤ በማግሥቱ በተመሳሳይ ምክንያት የጉግልም ተራ ደረሰ። ሁለቱም ቶሎ ተመለሰላቸው፤ እነሱ ፌስቡክና ጉግል ናቸው። ኮምቦልቻ ያለ ዱቄት አከፋፋይ ፈቃዱ ቢሰረዝበት ማን ጋ ደውሎ ማንን ያናግራል? ለዚህ ነው «እኔ ኢንተርፕራይዝ ፈቃድ አለኝ፣ በእሱ ላስገባላችሁ» የሚል ሰው ሲመጣ በትህትና የምሸኘው። ፈቃዱ ለእሱ ድርጅት ሠራተኞች እንጂ ለእኛ አይደለም፤ በተነቃበት ቀን መተግበሪያችን ከእሱ ጋር ይወድቃል።

ለሁለት ስልክ ስንል በየዓመቱ ዶላር አንከፍልም። ለሐጂ ልጅና ለሒሳብ ባለሙያዋ ሪፖርት የሚያሳይ ድረ ገጽ አሠርተን በመጀመሪያው የስልክ ገጽ ላይ እንደ መተግበሪያ ምልክት እንዲቀመጥ አደረግን። ትዕዛዝ አይመዘግብም፤ እነሱም ትዕዛዝ አይመዘግቡም። አንድ ቀን አይፎን የያዘ ሻጭ ብንቀጥር አንድሮይድ እንገዛለታለን፤ ከአፕል ጋር ከመከራከር ይረክሳል።

ደሴ ያሉት ፕሮግራመሮቻችን የሚወዱት ፋየርቤዝ አፕ ዲስትሪቢዩሽን የተባለ ሌላ የጉግል አገልግሎት አለ። ነፃ ነው፤ በኢሜይል ሞካሪ ትጋብዛላችሁ፤ አዲስ ስሪት ሲወጣ ይነግራቸዋል። የአንድ ስሪት ዕድሜ 150 ቀን ነው። አዲሱን ስሪት ሁሉም ጋ ከመድረሱ በፊት ለጋሼና ለሌላ አንድ ሻጭ ለመስጠት እንጠቀምበታለን፤ ለዚያ ግሩም ነው። ከዚያ በላይ አትጠብቁበት፤ ሠራተኛ ሲለቅ መተግበሪያውን አያወጣም።

«ቴሌግራሙ ይበቃኛል» ለሚሉም አንድ ዜና አለ። ጉግል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 እንዳሳወቀው፣ ከመደብር ውጭ የሚጫኑ መተግበሪያዎችም ማንነቱ በተረጋገጠ ገንቢ የተመዘገቡ እንዲሆኑ ይጠየቃል፤ አጀማመሩ በሴፕቴምበር 2026 በብራዚል፣ በኢንዶኔዥያ፣ በሲንጋፖርና በታይላንድ ሲሆን፣ ከ2027 ወዲህ ወደ ሌሎች አገሮች እንደሚሰፋ ተነግሯል። ልምድ ላላቸው ተጠቃሚዎች አደጋውን አውቀው የሚያልፉበት መንገድ እንደሚተው ኋላ ላይ ተገልጿል። ሻጮቻችን በዚያ መንገድ እንዲያልፉ ግን አልፈልግም።

ሦስት አራት ስልክ ብቻ ያላችሁና ሠራተኞቻችሁ ማታ ማታ አንድ ቦታ የሚሰበሰቡ ከሆነ ለኤምዲኤም ገንዘብ አታውጡ፤ ኤፒኬውን በኬብል ራሳችሁ ጫኑ፣ ከመደብር ውጭ የመጫኑን ፈቃድም ስትጨርሱ መልሳችሁ ዝጉት። ሻጮቻችሁ ከሐይቅ እስከ ከሚሴ ተበትነው፣ ስልኮቹም በእጃቸው የሚያድሩ ከሆነ ግን የኤምዲኤሙ ወርኃዊ ክፍያ ከአንድ የተሳሳተ የዱቤ ሒሳብ ያንሳል። ከመፈረማችሁ በፊት የሙከራ ጊዜ የሚሰጥ ኤምዲኤም ምረጡና በአንድ ስልክ ላይ ሁለት ስሪት አከታትላችሁ ልካችሁ፣ በሞባይል ዳታ ብቻ ሁለተኛው መድረስ አለመድረሱን እዩ።